ሦስተኛው ማግኔትሮን

ሰፈሩ ሚሊሜትር ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነው፤ ግን አልተሳሳቱም። ብሎን እንኳ ሲገዛ አገላብጦ፣ ለክቶ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ምድጃና ፍሪጅ ሲጠግን አንድ ቀን «ይሁን፣ ይበቃዋል» ሲል የሰማው የለም። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በአንድ ጠረጴዛ ትከሻ ለትከሻ ሠርተዋል። ታናሹ ተጫዋች ነበር፤ «አንተ ለክተህ እስክትጨርስ እኔ ጠግኜ፣ ምሳ በልቼ፣ እተኛለሁ» ይለው ነበር። ከሞተ ሁለት ወሩ ነው።

ማይክሮዌቭ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው ይገድላል። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኮረንቲውን ይዞ ይቆያል። ሙቀቱን የሚያመነጨው ማግኔትሮን የሞተ እንደሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የተጠራቀመው ኃይል መውጫ ያጣል። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ደንብ ነበራቸው። ክዳኑን የከፈተው ሰው እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቪቴ ኃይሉን ያፈስና ካፓሲተሩ ላይ ቀይ ናስትሮ ይለጥፋል። ቀዩን ያየ ሳይፈራ እጁን ይከታል። ሥራውን የሚረከበው ናስትሮውን ልጦ እጅጌው ላይ ይለጥፋል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ሚሊሜትር ነው።

ታናሹ የሞተ ቀን የአንድ ማይክሮዌቭ ክዳን ከፈተ፣ የማግኔትሮኑን ቁጥር ጻፈ፣ ናስትሮውን ቆርጦ ለጠፈ። ካቻቪቴውን ሊያነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ። ዕቃ ሻጩ ነው፤ «ሦስት ማግኔትሮን ገብቶልኛል፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ከፈለግህ ቶሎ ድረስ» አለው። ሚሊሜትር ካፓሲተሩን አየ፣ በሩን አየ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሁን፣ መጥቼ አፈሰዋለሁ» ብሎ፣ ታናሹ ገና ሳይገባ ወጣ።

እዚያ ሲደርስ ያው ሚሊሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ማግኔትሮን ኃይሉ ልክ ነው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ግን አይገጥሙም። የሁለተኛው ቀዳዳ ይገጥማል፣ የሽቦ መሰኪያው ግን ዞሮ ከማይክሮዌቩ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። የሦስተኛውን ጫፍ ለካ፣ ሸክላው እንዳልተሰነጠቀ በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ቀለበት በጣቱ ዙሪያውን ፈተሸ። ሻጩ «ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀበት፤ እሱም ሳቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሦስተኛውን ይዞ ሲመለስ ታናሹ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ቀዩ ናስትሮ እጅጌው ላይ ነው።

ጮኸ። ጋዋኑን አውልቆለት ደረቱን ተጫነ፤ ክንዱ እስኪዝል ተጫነ። ምንም የለም። የጎረቤት ሰው እየሮጠ ሲመጣ ኮቴውን ሰማና ናስትሮውን ከእጅጌው ልጦ ኪሱ ከተተው። ደንግጦ ነው እንዳንል ነገሩን እያወቀ ነው ያደረገው፤ ፈራ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ድሮም ችኩል ነበር» አለ። ሚሊሜትርም አንገቱን ደፍቶ ነገሩን እንዳሉት ተወው።

ዛሬ የማይክሮዌቩ ባለቤት ጨቅጭቆት የተቋረጠውን ሥራ ቀጠለ። ካፓሲተሩን አፈሰ፣ ደግሞ አፈሰ። ያ የተመረጠ ማግኔትሮን ልክክ ብሎ ገባ። ቁጭ ብሎ የመጨረሻውን ብሎን ሊያስር ሲል የታናሹ ሚስት በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጋዋኑን ልወስድ ነው» አለች። «ልብሶቹን ሰብስቤ ለሰው ልሰጥ ነው። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እሱን የማገኘው ይመስለኛል።»

«ያውልሽ፣ ምስማሩ ላይ።»

አወረደችው። ሳታስበው እጅጌውን ዳበሰች፤ ከዚያ ሌላኛውን። አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ባጠበች ቁጥር «ናስትሮህ ማሽኑን ሊገድልብኝ ነው» እያለች ከዚያ ቦታ ስትልጥ ኖራለች።

«የለም» አለች። «እኔ ሞኟ፣ ቀዩን ሳያይ እጁን አይከትም እያልኩ ስሟገት ከረምኩ። ልጆቹ አባዬ ለምን አልተጠነቀቀም ሲሉኝ ግን ሰው ያለውን ይዤ፣ ቸኩሎ ነው፣ እናንተን ረስቷችሁ ነው አልኳቸው። ትልቋ ፎቶውን ከግድግዳ አወረደችው፣ ጋሼ።»

ሰው ሁሉ የሚለው «ምን ይደረግ» አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ብሎኑን አስቀመጠና ከኪስ ቦርሳው ያን ቀይ ናስትሮ አወጣ።

«እጅጌው ላይ ነበር። እሱ አልቸኮለም። ኃይሉን ሳላፈስ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሳይመጣ የላጥኩትም እኔ ነኝ።»

ተቀበለችው። ገልብጣ አየችው፤ የጋዋኑ ሰማያዊ ክር ተጣብቆበታል። እጅጌው ላይ አስቀምጣ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው፤ አልያዘም፣ ሙጫው ደርቋል። ጋዋኑን አጣጠፈችና ናስትሮውን ከላይ አድርጋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ይገባሉ» አለች። «ይዘኸው ና። ፎቶውን አንተ ትሰቅላለህ፤ ለምን እንደሆነም አንተው ትነግራቸዋለህ።»

ወጣች። ሚሊሜትር የግድግዳውን ሰዓት አየ። ገና ስድስት ሰዓት ነው።