ተንጋልዬ የወጣሁት የንሳምብያ ዳገት

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ውስጥ እንቅስቃሴ ሲታገድ ታላቅ ወንድሜ ንሳምብያ ኮረብታ ላይ፣ እኔ ደግሞ ዋንዴገያ ነበርን። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። እኔ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ የምሸጥባት ትንሽ ቤት ነበረችኝ። ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ዘጋኋት። ታክሲ ቆሟል፣ የግል መኪና ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፣ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክልም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። በእግሬ እንዳልሄድ ወገቤ አይረባም። ከዓመታት በፊት ከቦዳ ላይ ወድቄ ከተጎዳሁ ጀምሮ ትንሽ ራመድ ካልኩ ግራ እግሬ ይደነዝዛል። ተራ ብስክሌት ላይ መቀመጥማ የማይታሰብ ነው።

የነበረኝ ተንጋልለው የሚነዱት ብስክሌት ብቻ ነው። እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር የነበረ፣ እንደኔው ወገቡን የሚያመው ሆላንዳዊ፣ አየር ማረፊያው ከመዘጋቱ በፊት በጥድፊያ ሲወጣ ትቶልኝ ሄደ። መቀመጫው እንደ መዝናኛ ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይደገፋል። ፔዳሎቹ ያሉት ከፊት ጎማው በላይ ነው፤ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ከወገብም ከፍ ብሎ ነው የሚገፋው። መጀመሪያ ቀን ስወጣበት የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። እኔ ግን ወገቤን ሳያመኝ መንገድ ላይ ስሄድ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነበርና ሳቃቸው አልከበደኝም።

ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ዳገት ላይ ነው ጉዱ። በተራ ብስክሌት ዳገት ሲከብድ ከመቀመጫ ተነስቶ በሰውነት ክብደት ፔዳሉን መርገጥ ይቻላል። እዚህ መነሳት የለም፤ ያለው እግር ብቻ ነው። በከባድ ማርሽ ታግዬ ልወጣ ስሞክር ጉልበቴ ለሳምንት አበጠ። ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ቀላሉ ማርሽ መለወጥ፣ ትከሻን ማላላት፣ ጀርባን መቀመጫው ላይ ለጥፎ እግርን በፍጥነት ማሽከርከር እንዳለብኝ ቀስ በቀስ ገባኝ። ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ብስክሌቱ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይላል። መሀል ላይ ከቆሙ እንደገና መነሳት ጭንቅ ነው። እግሬ ከፔዳሉ እየተንሸራተተ ስላስቸገረኝ ካትዌ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ወስጄ መቀመጫውን ትንሽ ቀና አስደረግሁት፤ ጫማዬን ከፔዳሉ ጋር የምይዝበት የጎማ ማሰሪያም አሠራሁ። ማሰሪያው በጣም ረድቶኝ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ድምፁ ደክሟል።

"ጋሼ፣ ምግብ በላህ?"

"አልበላሁም። ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሰኛል።"

"መድኃኒቱንስ ተወጋህ?"

 

"አልቋል" አለ። "እዚህ ያለው መድኃኒት ቤትም የለውም። ሲመጣ እንደውልልሃለን ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሆስፒታሉ እኮ አጠገብህ ነው፣ ተነስና ሂድ!"

"እዚያ ገብቼ በሽታውን ልሸምት? አልሄድም። ደግሞስ ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነው?"

 ስኳሩ ሲወጣበት ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ሚስቱ ባትደርስለት አይተርፍም ነበር። የመኪና ፈቃድ እስካገኝ ይመሻል። ዋንዴገያ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ሦስተኛው ዘንድ ኢንሱሊኑን አገኘሁ። በፔርሙስ ውስጥ ከበረዶ ጋር አድርጌ፣ ፔርሙሱን በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩትና ተነሳሁ። ሰዓት እላፊው የሚጀምረው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከተማው ባዶ ነበር። ያ ሁሉ ታክሲና ቦዳ የሚጋፋበት መንገድ ላይ የብስክሌቴ ካቴና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወታደሮች አንድ ቦታ አስቁመውኝ ፔርሙሱን ከፍተው አዩ፤ አንደኛው ብስክሌቱን ዞሮ ሲያይ ቆየና እንድሄድ በእጁ አመለከተኝ። እኔ የማስበው ስለ ዳገቱ ነበር። ከዚያ በፊት ንሳምብያን ሳላርፍ ወጥቼው አላውቅም።

ከታች ማርሹን ለወጥኩ፣ የእግሬን ማሰሪያ አጠበቅሁ፣ ጀርባዬን ለጠፍኩ። እያሽከረከርኩ ወጣሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ማቶኬ የሚሉትን የወጥ ሙዝ የጫነ መኪና ከፊቴ እያቃሰተ ይወጣል። ሙዙ ከነዘለላው እስከ ላይ ተከምሯል፤ ከጭነቱም ላይ የመኪናው ረዳት ተቀምጧል። ልቀድመው ጉልበት የለኝም፤ ብቆም ደግሞ መነሳት አልችልም። ስለዚህ ተጠግቼ ተከተልኩት። ስህተት ነበር፤ ያኔ ግን የማስበው ሰዓቱን ብቻ ነው።

መኪናው በድንገት ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ያዝኩ። አንድ አፍታ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ጭነት ቀስ ብሎ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ።

በዚህ ብስክሌት ላይ ከሁሉ የሚቀድመው እግር ነው። ሁለቱ ጫማዎቼ ተዘርግተው፣ በማሰሪያ ተይዘው፣ የመኪናው ቂጥ ወደ እነሱ ሲመጣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳልል ተንጋልዬ አየዋለሁ። ሾፌሩ በመስተዋት እንደማያየኝ ገብቶኛል። ጮህኩ። በአማርኛ ነበር የጮህኩት፤ "ኧረ በማርያም! ሰው አለ!" ግራ እግሬን መንጭቄ አወጣሁ። ቀኙ እምቢ አለ። መሪውን ወደ ውሃ መውረጃው ቦይ አዙሬ በጎኔ ወደቅሁ። ብስክሌቱም ላዬ ላይ ወደቀ። ቀኝ እግሬ ግን ከነፔዳሉ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ፔርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ኛቦ! ኛቦ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ለሴት የሚሉት የአክብሮት መጥሪያ ነው። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ወርዶ ኖሯል። ትልቅ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ሲወረውር መሬቱ በጎኔ በኩል ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ስገልጥ ጎማው ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ከጫማዬ አጠገብ ነበር፤ የተለጠፈበትን ጭቃ አየሁት።

ሾፌሩ ወርዶ መጣ። የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ቦዩ ውስጥ እንዴት እንደተኛሁ ሲያይ ቁጣው ጠፍቶ ራሱን ይዞ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ረዳቱ ማሰሪያውን በቢላዋ ቆርጦ እግሬን ነፃ አወጣልኝ። ክርኔ ተልጧል፤ ወገቤ እሳት ሆኗል። ፔርሙሱን አናወጥኩት፤ የበረዶው ድምፅ እንጂ የመስታወት ስባሪ ድምፅ የለውም።

"ሆስፒታል እንውሰድሽ?" አለኝ ረዳቱ በእንግሊዝኛ።

"አይሆንም። ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው። ያዝልኝና ግፋኝ።"

ግራ ገባው። "ትቀልጃለሽ?"

"ግፋኝ!"

መቀመጫውን ከኋላ ይዞ ሚዛን እስክጠብቅ እየሮጠ ገፋኝ። የቀረውን ዳገት ያለ ማሰሪያ፣ እግሬ ሁለት ጊዜ እየተንሸራተተ፣ እያለቀስኩ ወጣሁት። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ሕመሙ ይሁን ፍርሃቱ።

የወንድሜ በር አልተቆለፈም። ወለሉ ላይ፣ አልጋውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑን ገልጦ አየኝና በእናታችን ስም ጠራኝ። መርፌውን ለማዘጋጀት ስሞክር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለተኛውን ጊዜ በቃል የማውቀውን ጸሎት እየደገምኩ ሞከርኩና ወጋሁት። ውኃ በማንኪያ አጠጣሁት። ከዚያ እሱን ሳላስፈቅድ የጎረቤቱን ሰውዬ ጠርቼ ሁለታችን ደግፈን ወደ ሆስፒታሉ ወሰድነው። እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም።

ሲነጋ የጨው ፈሳሽ ክንዱ ላይ ተሰክቶለት ነቃ። ክርኔን አየ፣ ፊቴን አየ።

"በምን መጣሽ?"

"በብስክሌቱ።"

"በዚያ በጀርባ በሚተኙበት? በዚህ ዳገት?" የተላጠውን ክርኔን በጣቱ ነካ።  "እሺ መኪና ቢገጭሽስ? እኔ ለማን እናገራለሁ?"

"አንተስ ብትሞት እኔ ለማን እናገራለሁ?" አልኩት። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ነርሷ ዞራ አየችን።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አንድም ቀን አልደበቀኝም። መንገድ ሲከፈት እኔ ጋ ዋንዴገያ መጥቶ እንዲኖር ጠየቅሁት፤ ለአንድ ወር ተከራክሮኝ መጣ።