የእትዬ ውሻና እርጥቡ ሶፍት

ለልጄ ነበር የገዛሁት። ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት፣ ሽታው ደስ የሚል የታሸገ እርጥብ ሶፍት። ታላቅ እህቴ ከቡሬ ገጠር አራስ ልትጠይቀኝ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። የሕፃን ቂጥ መጥረጊያ ነው ስላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እኛን ታዲያ በምን ጠርገው አሳደጉን?» አለች። ልትሄድ ስትነሳ ግን ቀስ ብላ፣ «እስቲ አንዱን እሽግ ስጪኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ለውሻዬ።»

«አበስኩ ገበርኩ! ለውሻ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምሯን ኖሯል። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ልጅ አልወለደችም። ቤቷ ከመንደሩ ጫፍ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ደጇ ድረስ ይመጣል። ውሻውን ውጭ ብታሳድረው ይበላባታል፤ ቤት ብታስገባው ደግሞ የማርያም ጽዋ ተረኛ ስትሆን ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ጽዋ በሚጠጣበት ቤት የውሻ ጠረን!» ይሏታል። እንዳታጥበው በጋ ነው፤ ምንጩ ሩቅ ነው። «ከዚያ ድረስ በጀርባዬ ያመጣሁትን ውኃ ውሻ ላይ ላፍስስ? እግዜርስ ምን ይለኛል?» አለችኝ። አንዱን እሽግ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በመጣች ቁጥር አንድ እሽግ ታስገዛኛለች። አንድ ጊዜ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲመሽ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ውሻው ራሱ መጥቶ ጭኗ ላይ አገጩን ያስቀምጣል። መጀመሪያ ዓይናሩን ታነሳለታለች፣ ቀጥላ ጆሮውን፣ አፉን። በመጨረሻ እግሩን አንድ በአንድ ይሰጣታል። ያ ገጠሬ ውሻ እንደ አራስ ልጅ ይሸት ነበር። ጎረቤት በሙሉ መሳቂያ አደረጋት። ያን ጊዜ የአንድ ለአምስት ስብሰባ የሚበዛበት ዘመን ነው፤ በስብሰባው ላይ ሳይቀር፣ «የውሻሽን ክርስትና መቼ ነው የምንበላው?» ይሏት ነበር። ደንታም አልሰጣት።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ውሻው እህል እንቢ አለ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉ አይገጠምም። ሌላው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እህቴ ግን ምን አሰበች? የቅበላ አጥንት ነው አለች። ሰው ሁሉ ለጾም መያዣ ሥጋውን በልቶ አጥንቱን ደጅ ጥሎ የለ? አንዱ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ነው አለች። እርጥቡን ሶፍት ጣቷ ላይ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተች። ለሃጩን ጠረገች፣ አጥንቱን ፈለገች፤ አጥንት የለም። ጥርሱ አመልካች ጣቷን ጫር አደረጋት። ደሙን መጠጥ አድርጋ፣ ነጠላዋ ላይ አበሰችው። በማግስቱ ውሻው የጎረቤት አህያ ነክሶ ሲሮጥ የመንደሩ ሰው በድንጋይ ገደለው።

አጎታችን የዚያኑ ዕለት ወደ ባለመድኃኒት ወሰዷት። ሰውዬው የተወቀጠ ሥር በጥብጦ አጠጣት፤ ካጠጣትም በኋላ፣ «እስከ ፋሲካ ወራጅ ውኃ እንዳትሻገሪ፤ ከተሻገርሽ መድኃኒቱ ይፈርሳል» አላት። በእኛ አገር ይሄ የታወቀ ነው፤ የእብድ ውሻ መድኃኒት የጠጣ ሰው ወንዝ አይሻገርም።

ወሬውን የሰማሁት ከገበያተኛ ነው። ሐኪም ቤት ሮጬ ጠየቅሁ። መርፌው አለ፤ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ነው፤ እዚሁ መጥታ መከታተል አለባት አሉኝ። ልጄን ለጎረቤት ጥዬ ሄድኩ። እኔ ቤት ታርፋለች፣ በየጠዋቱ እወስዳታለሁ፤ ሁሉንም በሐሳቤ ጨርሻለሁ። ከእሷ መንደር መኪና መንገድ ለመድረስ ግን መካከል ላይ ወንዝ አለ።

የሚያስፈራ ወንዝ እንዳይመስላችሁ። በጋ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከድንጋይ ድንጋይ ቢረግጡ ጫማ እንኳ አይረጥብም። እዚያ ድረስ ተከተለችኝ። ውኃው ዳር ስንደርስ ቆመች።

«አፈር ስሆን፣ እትዬ፣ ነይ።»

«አልችልም፣ እታለም። የጠጣሁት ይፈርሳል።»

እጇን ይዤ ጎተትኳት። አሸዋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አብረውን የመጡት አጎታችን ተቆጡ፤ «ተይ አንቺ ልጅ! የጠጣችውን መድኃኒት አፍርሰሽ ልትገያት ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ነገ ሞታ ቢያገኟት ምን ሊሉ ነው?»

«አፍሽን ያዢ!» አሉኝ።

ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። እሷ ራሴን እየዳበሰች፣ «አይዞሽ፤ ፋሲካን ከአንቺ ጋር ነው የምፈስከው» አለችኝ። ንዴቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ብቻዬን ተሻገርኩ። ከወዲያ ማዶ ሆኜ ዞር ስል አሁንም እዚያው ተቀምጣለች።

የቀበሌዋን የጤና ሠራተኛ ለመንኳት። ልጅቱ ደጋግማ ሄዳ መከረቻት። እትዬ ቆሎ አቅርባ፣ መርቃ ሸኘቻት።

ፋሲካ ማግስት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናት! ዶሮ በክንዷ አቅፋ፣ እንቁላል ቋጥራ፣ ፊቷ በርቶ። «አየሽ! ወንዙን እየዘለልኩ ነው የተሻገርኩት!» አለች። አቀፍኳት፣ አለቀስኩ፣ እግዜርን አመሰገንኩ። ቢሆንም ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። «በፋሲካ ምድር ሆዴን ልወጋ? ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍና» አለች። ልጄን አዝላ ስታጫውት ዋለች፤ እኔው ቤት ሰነበተች።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አመልካች ጣቷን ማከክ ጀመረች። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ እሷ ግን፣ «ውስጡ ይበላኛል» ትላለች። ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ውኃ በብርጭቆ ሰጠኋት። ወደ አፏ ስታስጠጋው ጉሮሮዋ ተኮማተረ፣ ብርጭቆው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። እንደገና ሰጠኋት፤ ገና ውኃውን ስታየው ተንቀጠቀጠች። ያኔ እሷም አወቀች። ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነገረኝ። ብርሃኑ ስላስጨነቃት ክፍሉን አጨለሙላት። ለሃጯ በአገጯ ይወርዳል፤ መዋጥ አቅቷታል። ከልጄ ቦርሳ ያንኑ ሶፍት አወጣሁ።

«ልጥረግሽ፣ እትዬ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂ። በእጅሽ እንዳትነኪኝ። እኔም እንዲሁ ውሻውን ስጠርገው ነው የያዘኝ።»

«ምን አገባሽ! ልጥረግሽ!»

«ልጅ አለሽ» አለች።

ነርሷ ጓንት አምጥታ ራሷ አጠለቀችልኝ። ሶፍቱን ከንፈሯ ላይ ሳሳርፈው እርጥበቱ ጉሮሮዋን አነቃት፤ አልጋው እስኪናወጥ ተንፈራገጠች። ያንን ሶፍት መሬት ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ በነጠላዬ ጫፍ፣ በደረቁ፣ ትንፋሿ እስኪቆም ድረስ ጠረግኋት።