በረኪና የሸተተ ቀፎ

«እንደገና ብትጀምር ምን ትሆን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ አልወደውም። ጠያቂው መልስ ፈልጎ አይደለም የሚጠይቀው፤ የራሱን የሚናገርበት ተራ እስኪደርሰው ነው። መላሹም አይታመንም። እንደገና የሚጀምር ሰው ሁሉ የሃያ ዓመት ጉልበቱን መልሶ ይወስዳል፣ የሃምሳ ዓመት ብልሃቱን ግን አይመልስም። እንዲህ ያለ ስንቅ ይዞ ማን ይወድቃል?

ቢሆንም ጥያቄው ቤቴ ገብቶ ተቀመጠ። የገባው በማኅበር በኩል ነው።

ሐምሌ ነበር። የሚካኤል ማኅበራችን ተራ የደረሰው አንድ ጎረቤቴ ነበር፤ አስጎብኚ ነው። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት ሽንኩርት ሲነግድ ቆይቶ፣ ጎብኚ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ወደ ድሮ ሥራው ተመልሷል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለተኛ ዙር ሲዞር ጥያቄውን ያነሣው እሱ ነው። መልሱንም ቀድሞ አዘጋጅቷል።

«አብራሪ!» አለ። «ከላይ አይቶ ማለፍ ነው። ደረጃ ውጡ፣ ደረጃ ውረዱ፣ ጫማችሁን እዚህ አውልቁ... በቃኝ።»

ጥያቄው ዞሮ የንስሐ አባታችን ጋ ደረሰ። ሁላችንም «እንደገናም ቢሆን ቄስ» ይላሉ ብለን አንገታችንን ለአክብሮት አዘጋጅተናል።

«እኔማ የአይሱዙ ሾፌር ነበር የምሆን» አሉ።

«አባታችን! እርስዎ?»

«ምን አለበት? ከፍላቂት ገብስ ጭኜ ወልድያ፣ ከወልድያ ዘይት ጭኜ ፍላቂት። ክላክሱን አንዴ ስነፋው መንደሩ ሁሉ ብድግ! አሁን እኔ ስሰብክ እኮ ግማሹ ቆሞ ይተኛል። አንተም ጭምር» ብለው ወደ አስጎብኚው ጠቆሙ።

ሳቁ ሲበርድ እኔ ጋ ደረሰ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ላሊበላ ውስጥ ታሪክ ማስተማር ቀላል አይደለም፤ ተማሪዎቼ ታሪክ ማለት ለእንግዳ የሚነገር ነገር እንጂ እነሱ የሚፈተኑበት አይመስላቸውም።

«መምህር» አልኩ።

«ነህ እኮ!»

«ነኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ጨዋታ ሲያበላሽ አይጣል ነው» አለ አስጎብኚው፤ ሁሉም ተስማማ። እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ዞሮ መቆም ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ጋዜጣ ላይ የማወጣቸው ጽሑፎች ሁሉ የተጻፉት እንዲህ ዞሬ ስቆም ነው።

ባለቤቴ ያን ሁሉ ጊዜ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ በመካከላችን ስትመላለስ ነበር። በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ግማሽ ጀርባዬ እየራሰ፣ «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

«ምን ብለሽ ልትመልሺ?»

«ንብ አናቢ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ጃንጥላውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች፤ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፣ የገዛ አባቷም ጭምር። በክፉዎቹ ዓመታት ጤና ጣቢያው ውስጥ ከአልጋውና ከእሷ በቀር ምንም ያልነበረበት ጊዜ አለ። ያኔ መድኃኒት ሳይኖር ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እጃቸውን እይዛለሁ። ይሻልሃል፣ ይሻልሻል እላለሁ። ለሚሻለውም ለማይሻለውም ድምፄ አንድ ዓይነት ነው» ነበር ያለችኝ። በኋላ መድኃኒቱ ተመለሰ። እሷ ግን «ይሻልሃል» ባለች ቁጥር የራሷን ድምፅ መስማት ጀምራ ነበር፤ ሰው ደግሞ አንዴ የራሱን ድምፅ መስማት ከጀመረ አይተወውም።

«ንብን ይሻልሻል ማለት የለብኝም» አለች በር ስንከፍት።

ቁርጡን ያወጣችው በዚያው ሳምንት ነው። መስከረም ላይ የዓመት ፈቃዷን ትወስዳለች። ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች፣ ጥዱና ወይራው ካለበት፣ አባቷ መሬት አላቸው፤ ቀፎዋን እዚያ ታስቀምጣለች። ንቦቹ ፈቃዷ እስኪያልቅ ከተቀመጡላት ጤና ጣቢያውን ትለቃለች። ከሄዱባት ጋዎኗን ለብሳ ትመለሳለች፤ ነገሩንም ሁለተኛ አታነሣውም። የእኔ ደመወዝ ሁለታችንንም በልኩ ያኖረናል፤ የቸገረው እሱ አልነበረም። የቸገረው የሰው አፍ ነው። የሰማ ሁሉ ተቃወማት፦ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከሁሉ ይልቅ አብራሪ መሆን የሚፈልገው አስጎብኚ። ሁሉም ቢደግፏት ኖሮ ተቃዋሚው እኔ እሆን ነበር። ሁሉም ስለተቃወሙ ደገፍኳት። ይህን እሷ ፍቅር ነው ብላ ወስዳዋለች፤ አላረምኳትም።

በአናጢ የተሠራ አዲስ የሳጥን ቀፎ በሚኒባስ ጣሪያ ጭነን፣ መኪናው ከቆመበት ደግሞ ተሸክመን አማቴ ጋ ደረስን። አማቴ ገበሬ ናቸው፤ ከቤታቸው ጀርባ በእበትና በጭቃ የተለሰኑ የቆዩ ቀፎዎች አሏቸው። ሽማግሌው ቀፏችንን እንደ ሬሳ ሣጥን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ንብ እኮ እኔም አለኝ» አሏት። «እዚህ ቀበሌ ንብ ያለው ሰው ሞልቷል። ሲስተር ያለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

ቀልድ አልነበረም። አማቴ በቤተ ክርስቲያንም በገበያም «የሲስተር አባት» ናቸው። ከዕድሜያቸውም ከእርሻቸውም ያላገኙትን ቦታ ያገኙት በእሷ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚለቀቅላቸው ለዚህ ነው። ልጅቷ ንብ አናቢ ከሆነች እሳቸው ምን ሊባሉ ነው? ይህንን አልተናገሩም፤ ወንበሩን ግን እኔም አይቻለሁ።

ከደረስንበት ቀን ጀምሮ ሕመምተኛ ይጎርፍ ጀመር። «ሲስተር፣ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ።» «ሲስተር፣ ልጁ ጆሮው ይመግላል።» እሷ ቀፎውን በወይራ ጭስ እያጠነች ዞር እያለች ታያቸዋለች። አማቴ ደስታቸውን ሊደብቁ አልቻሉም። «አየሽ?» ይላሉ። «ሥራሽ ተከትሎሽ መጣ።»

ቢሆንም ንብ ሊሰጧት የገቡላትን ቃል ጠበቁ። አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከቀፎዎቻቸው የአንዱን ንብ ወደ ሣጥኑ አዛወሩላት። እሷ ጋዎኗን ለብሳ፣ ማስክና ጓንት አድርጋ ስታግዛቸው ማር የምትቆርጥ ሳይሆን ቀዶ ጥገና የምታደርግ ነበር የምትመስለው። ንቦቹ ገቡ። እኛም ገብተን እራት በላን። እሷ ስትበላ ሁለት ጊዜ እየተነሣች ወደ ደጅ አየች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሣጥኑ ማጓራት ጀመረ። ወጥተን ስናይ ንቦቹ እንደ ጥቁር ውኃ ከአፉ እየፈሰሱ ነው። ግቢው ላይ አንዴ ዞሩ፣ ከዚያ አጥሩ ጥግ ካለው ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበው እንደ ጆንያ ተንጠለጠሉ። ለእረፍት ነው እንጂ ለመኖር አይደለም፤ ማደሪያ እስኪያገኙ ነው።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ፈቃዷ ገና መጀመሩ ነበር።

«ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይቀመጥም» አሉ አማቴ። «ትናንት ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«አባባ፣ አልተጨቃጨቅንም። እሱ ሲያወራ እንዲህ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ጭራሽ ብሷል።»

እሷ ባዶው ሣጥን ፊት ተንበረከከች፣ ክዳኑን አንሥታ ራሷን አስገባች፣ አሸተተች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ታለቅሳለች ብዬ ተጠጋሁ። ትስቅ ነበር። ሣሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ ሳቋን መተው አቃታት።

«ማዋለጃ ክፍል!» አለች። «ንቦቹን ማዋለጃ ክፍል ነው ያስገባኋቸው!»

ሣጥኑን ከላሊበላ ከመምጣታችን በፊት በበረኪና አጥባዋለች። አጠገቧ ቆሜ አይቻታለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። ቤታችን ውስጥ በረኪና ያልነካው ዕቃ የእኔ መጻሕፍት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ስለምጠብቃቸው ነው። ጋዎኑም ጓንቱም ያንኑ ይሸታል። የወይራው ጭስ ላይ ላዩን ሸፍኖት አድሮ፣ ፀሐይ ሣጥኑን ሲያሞቀው የታችኛው ሽታ ወጣ።

አማቴ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሲነሡ ግራ ተጋብተው ነበር።

«ይሄ? ይሄማ ያንቺ ሽታ ነው» አሉ። «ገና በበር ስትገቢ የሚሸተኝ። እኔ ደግ ሽታ ነው ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ከሣሩ ላይ ሆና አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ንቦቹ ከጥዱ ላይ ያጉረመርማሉ። ጥቂት ጥቂቱ እየተነሣ ወደ ገደሉ ይበራል፣ ይመለሳል፤ ቤት ፍለጋ ነው።

በዚያች ሰዓት ሽማግሌው ምንም ባያደርጉ ነገሩ በራሱ ያልቅ ነበር። ንቦቹ ይሄዳሉ፣ ሲስተር ትመለሳለች፣ ወንበሩም ይለቀቃል። ይህን እንዳሰቡት አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ቆሙ። ጥዱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

ሲወጡ በአንድ ብብታቸው ባዶ የጭቃ ቀፎ ይዘዋል፤ ከስንት ዘመን ጭስ የተነሣ ከሰል መስሏል። በሌላው ማር ሲቆርጡ ብቻ የሚለብሱትን አሮጌ ጋቢ ይዘዋል።

«ጋዎንሽን አውልቂ» አሏት።

አወለቀች። ጋቢውን ራሳቸው አከናነቧት፤ በአንገቷ ዙሪያ ሲያስሩላት ሕፃን ለክርስትና የሚያለብሱ ይመስሉ ነበር። እጇን በውኃና በአፈር አሹላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ጭሱን ያዝ። አፍህን ደግሞ ዝጋው» አሉኝ። በሕይወቴ ያለ ክርክር የፈጸምኩት ትእዛዝ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መሰላሉን አማቴ ደገፉ። እሷ ወጣች። እኔ ከሥር የሚጨሰውን ወይራ ይዤ ቆምኩ። ቀፎውን ከተንጠለጠለው መንጋ ሥር አስጠግታ ቅርንጫፉን አንዴ ነቀነቀችው፤ ድፍት አለ፣ እንደ ገንፎ። የቀረው በጭንቅላታችን ላይ ዞረ። ከዞሩት አንዷ ጆሮዬን መረጠች። ጭሱን አልጣልኩም፤ ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ያደረግኩት ብቸኛ ጀግንነት ስለሆነ ነው።

ቀፎውን ጥዱ ሥር አስቀምጠን ራቅ ብለን ተቀመጥን። «አውራዋ ከገባች ሌሎቹ ይከተላሉ» አሉ አማቴ። «ካልገባች ደግሞ አልገባችም።» ከዚያ ወዲያ ጠብን ዳግመኛ አላነሡም። ባለቤቴ ጋቢውን አላወለቀችም። ጆሮዬ እየገዘፈ ነው፤ ለማየት እንኳ አልዞረችም፤ ሃያ ዓመት ሕመምተኛ ያየች ሴት ከባሏ ጆሮ ዓይኗን ስታነሣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ በአየር ላይ የቀሩት ተራ በተራ ወርደው አፉ ላይ አረፉ፤ ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር።

«ገብታለች» አሉ ሽማግሌው። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታና ኀዘን እኩል ነበሩ።

ፈቃዷ እስኪያልቅ ንቦቹ ተቀመጡ። የመጨረሻው ቀን ላሊበላ ሄዳ መልቀቋን ለአለቃዋ በቃሏ ነገረቻቸው፤ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ መልኳ ሸክም እንዳወረደ ሳይሆን ሸክም እንደቀየረ ሰው ነበር። ይህ ልዩነት ጥሩ ልዩነት ነው። የአናጢውን ሣጥን ወራት ሙሉ ፀሐይ ላይ ከፍታ አስጥታው አሁን ሁለተኛ መንጋ አለበት። ግርቢያ የሚባለው የዱር ቅጠል አብቦ ካለፈ በኋላ የቆረጠችው ማር ነጭ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰፈፍ ለንስሐ አባታችን ላክንላቸው። እሳቸውም አይሱዙ እስኪገዙ ድረስ በዚህ እንደሚጽናኑ ነገሩን።

እኔ መምህር ነኝ። እንደገና ብጀምርም መምህር፤ አሁንም ማኅበር ላይ ስጠየቅ ይህንኑ መልሼ ጨዋታ አበላሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ እወጣለሁ፤ ጭስ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋልና። ጥሩ ጭስ ያዥ ወጥቶኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጉልበቱን የያዘ፣ ሕፃን ያዘለች፣ የምትስል አሮጊት። ሕመምተኛው መምጣቱን አልተወም፤ እሷም ማየቷን አልተወችም። አማቴ በትራቸውን አጋድመው መግቢያው ላይ ቆመዋል።

«እኔ ቸኩያለሁ» አለች ሕፃን ያዘለችው። «ሲስተር የለችም?»

«አለች» አሉ አማቴ፤ በበትራቸው ጫፍ ወደ ቀፎዎቹ አሳዩአት። ጭሱ በጥዶቹ መካከል ይታያል፤ በጭሱ ውስጥ ያ አሮጌ ጋቢ። «ሥራ ላይ ናት። ቁጭ በይ።»