ቀይ ሥር የበላችው ዶሮ

ሂልከ ፍሪስላንድ በሚባል የአውሮፓ አውራጃ፣ አንድ የጀልባ ቦይ ላይ ሠላሳ ዓመት የድልድይ ጠባቂ ነበር። ሥራው ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ማንሳት፣ ሲያልፍ ማውረድ ነው። እሱ ግን ማንም ሳያዝዘው ሌላ ኃላፊነት ደረበበት፤ ማን ከማን ጋር፣ ወዴትና ለምን እንደሚያልፍ መጠርጠር። ጡረታ ሲወጣ የድልድዩን ቁልፍ አስረከበ፤ ጥርጣሬውን ግን ጠቅልሎ ቤቱ ይዞት ገባ።

ጓሮው ውስጥ ሦስት ዶሮዎች አሉ። ሁለቱ ዶሮ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈ የሚባልላቸው የለም። ሦስተኛዋ ፊምከ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ተበልቶ ሳህኑ ሲታጠብ፣ ሂልከ እፍኝ አጃ ኪሱ ውስጥ ጨምሮ የጓሮው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ፊምከ ዘላ ጭኑ ላይ ትወጣለች፣ አጃውን ትለቅማለች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን እጅጌው ውስጥ ሸጉጣ ታንቀላፋለች። ለሚስቱ ለቺትስከ በአርባ ዓመት ትዳር ያልነገራትን ሁሉ ለዚህች ባለ ላባ ይዘከዝክላታል። ለዓይን ሲይዝ ተሸክሞ ቆጥ ላይ ያወጣታል፤ አንገቷ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት በጣቱ ዳብሶ መጥገቧን ያረጋግጣል፤ በሩን ይቀረቅራል።

በመጋቢት ማርሌን የምትባል ሴት ከደቡብ መጥታ ጎረቤቱ ገባች። በሳምንቷ ማታ ማታ መጋረጃ መዝጋት ጀመረች።

መጋረጃ! በዚያ መንደር ከቄሱ እስከ ሰካራሙ መብራቱን ቦግ አድርጎ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ነው የሚያመሸው፤ መንገደኛው ካሻው ሾርባው ውስጥ ያለውን አተር ይቁጠር። የሚያሳየው የሌለው እንኳ ይህንኑ ባዶነቱን በኩራት ያሳያል።

«ምን ብትደብቅ ነው?» አለ ሂልከ።

«ራቁቷን ትሆን ይሆናላ» አለች ቺትስከ።

«ራቁቱን የሚሆን ሰው ፎቅ ይወጣል። ይቺ የምትዘጋው ሳሎኑን ነው።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የነቃው ዜጋ የመጨረሻዋን ድንች ሳያላምጥ ፎቅ ይወጣል፤ መብራት አጥፍቶ መስኮቱ ላይ ይገተራል። መጋረጃው እስኪዘጋ ይጠብቃል፤ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ እስኪከፈት ይጠብቃል። ዶሮዎቹን ለመቀርቀር የሚወርደው ድርግም ብሎ ከጨለመ ነው።

ጥቂት ቀን እንደቆየ ፊምከ ተለወጠችበት። ቆጥ ላይ ሲዳብሳት ከረጢቷ እንደ ኳስ ተወጥሯል። አጃ ሲዘረጋላት ፊቷን አዞረች። ምንቃሯ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ፍቆ አሸተተው፤ እርጎ ነው።

«ጠለፈቻት!» እያለ ወደ ቤት ሮጠ።

«ማን? ማንን?»

«ማርሌን ፊምከን! መጋረጃው ለምን እንደሚዘጋ አሁን ገባኝ። በአጥሩ ሥር ታሾልካታለች፣ እርጎ ታበላታለች፣ ጭኗ ላይ ታስተኛታለች።»

ቺትስከ ከሹራብ ሥራዋ ቀና አላለችም። «ምስኪን ዶሮ» አለች።

ሂልከ ግን ሰርጎ ገብን የማጋለጫ ዘዴ አላጣም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹን ዶሮዎች ዘግቶባቸው ፊምከን ለብቻዋ የተፈቀፈቀ ቀይ ሥር እስኪበቃት አበላት። ቀይ ሥር የበላች ዶሮ ኩሷ ይቀላል። ሰው ይዋሻል፣ መጋረጃ ይሸፍናል፤ ኩስ ግን በወደቀበት ይመሰክራል።

እራት እንዳበቃ የማርሌንን በር ደበደበ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከፈተች።

«ምንጣፍሽን ልየው» አላት።

«ምኔን?»

«ምንጣፍሽን። ቀይ ኩስ ከተገኘበት ዶሮዋ የእኔ ናት።»

ማርሌን ከመገረሟ የተነሳ አሳለፈችው። በጉልበቱ እየዳኸ የሳሎኑን ምንጣፍ መረመረ፤ ሶፋው ሥር ጭንቅላቱን አስገባ። ምንጣፉ ነጭ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም።

«አጥበሽዋል» አለ ከሶፋው ሥር።

«እርስዎ ጤናዎን ነው?»

«ታዲያ መጋረጃውን ለምን ትዘጊያለሽ?»

«ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ስላለ ነዋ! ሶፋዬን ካስገባሁበት ማታ ጀምሮ ፎቅ ላይ ተገትረው ያፈጡብኛል። እኔ በዕድሜዬ መጋረጃ ዘግቼ አላውቅም!»

ሶፋው በገባበት ማታ እንኳ መስኮቱ ላይ የቆመው ዕቃዋን ለመቁጠር ብቻ ነበር፤ መቁጠር ደግሞ በሂልከ ሕግ ከማፍጠጥ አይመደብም። ይህን ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት በሩ ተዘጋበት።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያ ሰዓት የራሱን ሳሎን ካየ አሥር ቀን አልፎታል። ቺትስከ ወንበሯ ላይ ናት። ጭኗ ላይ ባለው ሹራብ ላይ ፊምከ ተኝታለች። አጠገባቸው የእርጎ ሳህን አለ። አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ደግሞ፣ እንደ ቢሮ ማኅተም የደመቀ ቀይ ኩስ!

«አንቺ ነሽ!»

«ቀስ በል፣ ተኝታለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንት ሆነን። አግዳሚው ላይ ወጥታ ትጠብቅሃለች፤ አንተ ፎቅ ነህ። ሦስት ቀን አየኋትና አንጀቴ አልቻለም።»

«አትነግሪኝም ነበር?»

«ምን ብዬ? ብነግርህስ ታምናለህ? እስኪ አሁን እንኳ ታምናለህ?»

እውነቱን ለመናገር አላመነም። አርባ ዓመት ሙሉ ዶሮ ነክታ የማታውቅ ሴት በድንገት እርጎ አቅራቢ ስትሆን ከጀርባው አንድ ነገር መኖር አለበት። ቢሆንም እጁን ዘረጋ። ፊምከ አንድ ዓይኗን ገለጠች፣ ተነሳች፣ እዚያው ቺትስከ ጭን ላይ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

በማግስቱ በሰዓቱ አግዳሚው ላይ ተገኘ። ፊምከ እንደማያውቁት ሰው አልፋው ሄዳ የወጥ ቤቱን በር በምንቃሯ ቆረቆረች። ቺትስከ ከመስታወቱ ኋላ ቆማ ነበር፤ አልከፈተችም። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፊምከ ቆረቆረች፣ ጠበቀች፣ ተመለሰች። አግዳሚው ላይ ወጥታ ከሂልከ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች። በአንድ ዓይኗ መረመረችው፤ አንገቷን አዙራ በሌላው ደገመችው።

ሂልከ አጃውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ መተንፈስ አቆመ።

«ሰውዬ፣ ቡናው በረደ!» ብላ ቺትስከ ከውስጥ ጮኸች።

«ዝም በይ» አለ በሹክሹክታ፤ እንደማትሰማው እያወቀ።

ፊምከ ግማሽ እርምጃ ተጠጋች።