ከጎታው ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ተደወለልኝ። ደዋዩ በየዓረፍተ ነገሩ «እህቴ» የሚል ትሑት ወጣት ነው። እኔ ትቼው የመጣሁት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝና፣ «በጦርነቱ የጠፋውን የቅርስ መዝገብ በቃልዎ ያስታውሱታል ይላሉ፤ እንደገና ቢጽፉልን?» አለኝ።

አስታውሰዋለሁ። እዚህ ጅማ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ፣ ገጽ በገጽ ይመጣብኛል።

መዝገቡ የእኔ ሥራ ነበር። ከጦርነቱ በፊት መርሳንና ዙሪያዋን እየዞርኩ ታሪክ ያለውን ሁሉ እመዘግብ ነበር፦ አሮጌውን ድልድይ፣ የምንጩን ግንብ፣ የመጀመሪያውን ወፍጮ ቤት፣ በየሰዉ ቤት ያለውን የብራና መጽሐፍ፣ ጋሻና መስቀል። ቅጹ ላይ «የሚገኝበት ቦታ» የሚል ዓምድ አለ። ባልደረቦቼ እዚያ ላይ ቀበሌውን ጽፈው ያልፋሉ። እኔ ግን ከልጅነቴም ጠንቃቃ ነኝ፤ «በእልፍኙ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ በሰማያዊ ሣጥን ውስጥ» ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን በስብሰባ መሐል መዝገቤን ከፍ አድርጎ፣ «በዚህ ዓይነ ስውር እንኳ ሄዶ ያገኘዋል» አለ። አንገቴን ደፋሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ውስጤ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ከከተማዋ ዳር አንድ ሸህ ነበሩ። የአያታቸው አባት የጻፉት ኪታብ እንዳላቸው ሰምቼ ሄድኩ። ሊያሳዩኝ አልፈለጉም። ያግባባቻቸው ምራታቸው ናት፤ ልጇን እንዳዘለች ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ ያሳዩዋት እንጂ። ነገ ምስጥ ቢበላውስ? ቢያንስ መኖሩ ይታወቅ» አለች። ጎታውን ገፋ አድርገው ከበስተጀርባው፣ ከግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡት። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ጸሎት አልነበሩም። ገበያው መጀመሪያ የት እንደቆመ፣ ምንጩን እነማን እንደቆፈሩ፣ ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም አጥር ድንጋይ ያመላለሰው ሰው ማን እንደነበር ተጽፎባቸዋል።

«ቁጭ በይ ላንብብልሽ» አሉኝ። «ይሄ እኮ መርሳ ናት።»

ቁመቱንና ወርዱን ለክቼ፣ ቅጠሉን ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። «ሌላ ቀን እመጣለሁ አባባ፤ የውርጌሳ መኪና ያመልጠኛል።»

«አብሽሪ፤ ኪታብ የትም አይሄድም» ብለው ሳቁ። አብሽሪ፣ አይዞሽ እንደማለት፣ የአፋቸው ቃል ነበረች። ዝናብ ሲዘገይም፣ ከብት ሲሞትም፣ ሰው ተቀብሮ ሲመለሱም ለሁሉም አብሽሩ ይላሉ።

«ይዘት» በሚለው መስመር ላይ «የአካባቢ ታሪክ የያዘ» ብዬ ዘጋሁት። «የሚገኝበት ቦታ» ላይ ግን ሦስት መስመር ጻፍኩ።

በዚያው ሰፈር አንዲት ባልቴት ከደጃቸው መልሰውኛል። «የአባትዎ ጋሻ አለ ይባላል፣ እማማ» ብላቸው፣ «ይባላል? እንግዲያ የሚባለውን ጻፊው!» አሉኝ።

«ለመንግሥት ነው፤ ለትውልድም…»

«መንግሥቱ የሸሸ ቀንስ ማን ያነበዋል?»

ሳቅሁ። «ሂጂ እቴ! ጥርስሽን ይዘሽ ሂጂ!» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

በፍልሰታ ጾም ወልድያ ተያዘች ተባለ፣ መሸሽ የቻለ ሁሉ በአንድ ጀምበር ከመርሳ ወጣ። እኔ ከመሸሼ በፊት መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። መያዝ አቅቶኝ አልነበረም። ዳዊቴንና ጃንጥላዬን ይዤ ደሴ ድረስ ሄጃለሁ። የመንግሥት ንብረት ከቢሮ አይወጣም ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ስመለስ መሳቢያው ተፈልቅቋል፤ ከቢሮው ሁሉ የተቆለፈው እሱ ብቻ ነበር። መዝገቡ የለም። እሳት አንድደውበት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ኋላ ግን ሰዉ ሲያወራ ሰማሁ። ከተማዋን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች አንዱ ቤት ገብተው «ሰማያዊውን ሣጥን ክፈቱ» ብለዋል። ሌላው ቤት ምንም ሳይጠይቁ ቆጥ ላይ ወጥተዋል። በየቤቱ እየዞርኩ ያየሁትን ሁሉ፣ እኔ በሄድኩበት ተራ ሄደው ለቅመውታል። የባልቴቷ ጋሻ ግን ተርፏል።

ሸሁ ቤት ስገባ ጎታው ተገፍቶ እንደቆመ ነበር። ምራትየዋ የለችም።

«ወደ ግራና፣ ወላጆቿ ቤት ሰደድኳት» አሉኝ። «ቦታውን የምናውቀው እኔና እሷ ነን። ልጄ ለሥራ ሩቅ ነው። አንቺም አይተሻል፤ አንቺ ግን ደሴ ነበርሽ። ታዲያ ሌላ ማን ይነግራቸዋል?»

«ምን አለች እሷ?»

«ማለች። በአላህ፣ በልጇ ማለች። ደግሞ ያኔ ‘ያሳዩዋት’ ያለችውስ ማን ሆነና!»

ቁልፉ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነበር። ቃሉ እስከ ከንፈሬ መጣ። ከዚያ ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። «አብሽሩ አባባ» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ ስግደቱንም ጾሙንም ተቀበልኩ። «ስግደቱ ለእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። «ለሰውየው ግን አንቺው መንገር አለብሽ።» ስግደቱን ጨረስኩ። ሌላውን ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ያ ወጣት ከመርሳ ሲደውልልኝ እሺ አልኩት። ሦስት ቀን ጻፍኩ። የቦታውን ዓምድ ባዶ ተውኩት። ኪታቡ ላይ ስደርስ ወጣቱ የላከልኝ አዲሱ ቅጽ «የጠፋበት ምክንያት» ይላል። እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ። ስልኩን አንስቼ ሸሁን አስጠራኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዝገቡን፣ ሦስቱን መስመር፣ ቁልፉን።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«አለሁ። ምራቴ ዓረብ አገር ገባች። ልጄም አኩርፎኝ ቀረ።»

«በእኔ ነው፣ አባባ።»

«ያባረርኳትስ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ፤ ውሃዬንም ጠጣሽ። አሁን ምን ፈልገሽ ነው የደወልሽ?»

«መዝገቡን እንደገና ጻፊ ብለውኝ…»

«የእኔን አትጻፊ።»

«አባባ፣ የከተማዋ ታሪክ እኮ…»

«ላንብብልሽ ስልሽ መኪና አለብኝ አልሽ። አሁን ምኑን ትጽፊዋለሽ?»

አብሽሪ ይሉኝ እንደሆን ጠበቅሁ። ስልኩ ተዘጋ።

ገጻቸውን አውጥቼ የቀረውን ለወጣቱ ላክሁለት። ምንጩን ማን እንደቆፈረ፣ ገበያው መጀመሪያ የት እንደቆመ በየትኛውም መስመር ላይ የለም። ትናንት ደውሎ አመሰገነኝ።

«እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው፣ እህቴ» አለኝ። «ምንም አልቀረዎትም።»