ለማንም የማይነገር ስም

ቡሬ ባለው ቢሮዬ ኮምፒውተሩ ፓስዎርድ ሲጠይቀኝ ጣቶቼ ሳላስብ ይጽፉለታል፤ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን ያቺን ባዶ ሳጥን ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል፣ ሐሳቤም ፍኖተ ሰላም ወዳለው የድሮ ትምህርት ቤቴ ይሄዳል።

የኮምፒውተር ክፍላችን በር ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቅ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ነው፣ የካልሲያችን ሽታ ግን ማሽኖቹን እንዴት እንዳልገደላቸው ዛሬም ይገርመኛል። መምህራችን ፓስዎርድ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ቢቸግረው "ለማንም የማይነገር፣ የራሳችሁ ብቻ የሆነ ቃል ነው" አለን። እኛ የገበሬ ልጆች ለማንም የማይነገር ሲባል የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የክርስትና ስማችን። መተተኛ እጅ እንዳይገባ ተብሎ ከነፍስ አባትና ከቤተሰብ ውጭ አይወጣም፤ እናም ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የክርስትና ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። የእኔ ረጅም ነው፣ እዚህም አልጽፈውም። በሳምንቱ እንዴት እንደጻፍሁት ጠፋኝና መምህሩ ሊረዳኝ ብሎ ስሙን ጠይቆ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው።

ወሬው ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በገበያው ቀን እናቴ ልትሸጣት ያመጣቻትን ዶሮ በብብቷ ሸጉጣ፣ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ የክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ የልጄን ስም አደባባይ አውጥተውታል አሉኝ" አለች ጎንበስ ብላ። "ከሱ በፊት የወለድኋቸው አልበረከቱልኝም። እባክዎ ያጥፉልኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ዶሮዋም ጮኸች። እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንገቴን ቀበርሁ፤ የማን እናት ናት ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር አላውቃትም እል ነበር። መምህሩ ግን አልሳቀም። ሰሌዳው ቀድሞ ተጠርጎ የነበረ ቢሆንም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን እሷ እያየች አጠፋላት። ማንበብ አትችልም፤ "ጠፋ?" አለችው። "ጠፍቷል፣ እናቴ" አላት። መርቃው ወደ ገበያዋ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የክርስትና ስም ነገር ሲነሣ ወይ አፍራለሁ ወይ አፌዛለሁ። ተምሬ ሥራ ከያዝሁ በኋላ እንኳ ለፋሲካ ቤት ሄጄ፣ "የእኔንም ስም እወቀው፣ አንድ ቀን ይጠይቁሃል" ብትለኝ፣ ስልኬን እየነካካሁ "ኋላ ትነግሪኛለሽ፣ እማ" አልኋት። ደግማ አላነሣችውም።

ባለፈው ሐምሌ አረፈች። የነፍስ አባቷ ከእሷ ቀድመው ስላረፉ ፍትሐት የሚያደርሱት ቄስ አዲስ ነበሩ፤ ዝናቡ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሲደበድብ ወደ እኔ ዞር ብለው "የክርስትና ስሟ ማነው?" አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ አየኝ። የቢሮውን፣ የባንኩን፣ የልጆቼን ስልክ ሳይቀር ፓስዎርዱን ሁሉ በቃሌ የማውቀው ሰውዬ የእናቴን የክርስትና ስም አላውቅም። አፈርሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እኔን አለፍ ብለው ወደ ቄሱ ጆሮ ተጠጉና፣ ማንም እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንሾካሾኩላቸው። ቄሱም በዜማ ሲያነሡት፣ የእናቴን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከለቀስተኛው ጋር እኩል ሰማሁት።