አስለቃሿ የረሳችው ስም

ሥራ የጀመርኩት አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሊሄድ ጓዙን በሚያስርበት ጊዜ። ባሌ ሞቶ የሦስት ዓመት ልጅ ይዤ ቀርቼ ነበር። አክስቴ የአገሩ ሁሉ አስለቃሽ ነበረችና ከጎኗ አቆመችኝ። «አንቺ ተቀባይ ነሽ፤ እኔ ሙሾውን አወርዳለሁ፣ አንቺ ትቀበያለሽ። ካላለቀሰ ሰው ፊት አትቁሚ፤ ያስቅሻል» አለችኝ። የሞተውን ሰው አላውቀውም፤ ቢሆንም ከሚስቱ ይበልጥ አለቀስኩለት። እሷ ማን መጣ ማን ቀረ እያለች በሩን ስትሰልል ዋለች።

ይህን የሚጽፍልኝ ደብተራ ነው። ቃሌን እንዳያሳምር አስምዬዋለሁ፤ ደብተራ ካልማለ ሳያሳምር አይጽፍም።

ተቀባይ ሆኜ ሦስት ዓመት ቆየሁና አውራጅ ሆንኩ። አውራጅ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ከደጅ ቆማ አራት ነገር ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? የፈረስ ስሙ ማን ነው? ምን ገደለ? ማንን ትቶ ሞተ? ከዚያ በኋላ የሟቹ ጋሻና ጦር ይወጣል፣ በቅሎው ተጭኖ ይቆማል፣ ሙሾው ይወርዳል። ለአራቱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛው ውሸት ነው። በሕይወቱ ዶሮ ያላረደው ሁሉ ሲሞት ጎሽ ገዳይ ይሆናል። ውሸቱን በዜማ የማለብሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

የነፍስ አባቴ አባ ወልዴ በየለቅሶው አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ከሁለት ሰው አያልፍም። ሟች ቤት በገቡ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ በትንሣኤ ይነሣል።» እኔም ከተቀባዮቼ ጋር በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ፣ «ከተኛማ ለምን አይቀሰቅሱትም?» እያልኩ እስቅ ነበር። እኔ አገር ሳስለቅስ እሳቸው አንዲት አሮጊት እንኳ ዝም አላሰኙም ብዬ እንቃቸው ነበር።

አውራጅ በሆንኩ በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ ደብረ ብርሃን ተጠራሁ። የአንድ ባላምባራስ ወንድም ሞቶ ነው። ባላምባራሱ ከደጅ ተቀበሉኝ።

«ወንድሜ አንበሳ ገድሏል በይ» አሉኝ።

«የት ነው የገደሉት፣ ጌታዬ?»

«አዋሽ።»

«ማን አየ?»

«ለሙሾ ነው የጠራንሽ ወይስ ለዳኝነት?»

ሟቹ ውሻ ከጮኸ ከበቅሎ የማይወርዱ ሰው እንደነበሩ ከተማው በሙሉ ያውቃል። እኔም እንዲህ ብዬ አወረድኩ፦

አንተ የአዋሽ አንበሳ ተኛ በሰላም፣
ያ የሚያሳድድህ ካሁን ወዲያ የለም።

ሕዝቡ በለቅሶ ተንጫጫ። የውሻውን ነገር የሚያውቁትም ሳይቀሩ ደረታቸውን መቱ።

በሁለተኛው ቀን ከአንኮበር ሰው መጣብኝ። ልጄ ጥሩነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ነበር፤ እኔው ነኝ ጥጥ ግዢልኝ ብዬ የላክኋት። የቆላ ንዳድ ይዟት ተመልሳለች አለኝ። ንዳድ ነው፣ ይለቃታል ብዬ ቀረሁ። ሠልስቱ ሳያልፍ ብሄድ ባላምባራሱ ሁለተኛ አይጠሩኝም ብዬ ፈራሁ። የዚያን ውሸታም ቤት ሰባት ትውልድ እየቆጠርኩ ሳስለቅስ ሦስተኛው ቀን አለፈ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን አይቶ ነው።

አንኮበር ስደርስ ጥሩነሽ ተገንዛለች።

ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው ጠበቁኝ። አስለቃሽ ለልጇ ምን ታወርድ ይሆን ብለው መጓጓታቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ሙሾ ላወርድ አራቱን ጥያቄ ለራሴ አነሣሁ። ልጄ የፈረስ ስም የላት፣ የገደለችው የላት፣ ትታው የሞተችው እኔን ብቻ። ከአራቱ ጥያቄ አንዱም አልሆነላትም።

ፍትሐቱን ሊጀምር የመጣው ወጣት ቄስ፣ «የክርስትና ስሟን ንገሪኝ» አለ።

አጣሁት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ካስነሳኋት ወዲህ በዚያ ስም ጠርቻት አላውቅም። የክርስትና እናቷም ባለፈው ዓመት ሞታለች። የስንቱን ጌታ ፈረስ በስሙ የማውቅ ሴት የልጄን ስም አጣሁ። ከሴቶቹ አንዷ አጠገቧ ላለችው ስታንሾካሹክ ሰማኋት። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከበሩ ወገን ያ የናቅሁት ቀጭን ድምፅ መጣ። «ወለተ ሥላሴ ናት።»

«አባ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ያጠመቅኋት። ከታመመች ወዲህም በየቀኑ እየመጣሁ ጸሎት አደረስኩላት፤ ትላንት ቆረበች። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ።» ይህን ያሉት ሊወቅሱኝ አልነበረም። ቀጥለውም፣ «አንቺ ብትረሺው የፈጠራት አይረሳውም፣ ልጄ። ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። በትንሣኤም በዚሁ ስም ይጠራታል» አሉኝ።

ስስቅበት የኖርኩት ያው ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልጨመሩበትም። ግን ስሟን ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና አመንኳቸው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

እስከ አርባዋ ድረስ አባ ወልዴ ፍትሐት ሲያደርሱ ከኋላቸው ቆምኩ። ግእዙ አይገባኝም። የምጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ ወለተ ሥላሴ ሲሉ ልቤ ያርፋል። ሙሾ የነበረን ሰው ገድል ይቆጥራል፤ እሳቸው ግን በሕይወት ያለ ሰው እንደሚጠራ አድርገው ይጠሯታል። አንድ ቀን ፈጣሪ እኔንም በክርስትና ስሜ ጠርቶ ከልጄ ጋር ያቆመኛል ብዬ ተስፋ ማድረግ የጀመርኩት እዚያ ቆሜ ነው። ኀዘኑ አልለቀቀኝም። ግን እህል መብላት ጀመርኩ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከደጅ ቆሜ አምስት ነገር እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ያው ባላምባራስ አጎታቸው ሞቶ ሲጠሩኝ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቅኋቸው። «ለሙሾ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ተቆጡ፤ ኋላም ቢጠይቁ ከዘመድ የሚያውቀው ጠፋ። የበቅሎውን ስም ግን ሁሉም ያውቁ ነበር።

ዛሬ ሙሾ የምታወርዱ ልጆች፣ አምስተኛው ጥያቄ ለዜማው አይጠቅምም። ቢሆንም መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከሟቹ ቤተሰብ የሚያውቅ ከጠፋ የነፍስ አባቱን ፈልጋችሁ ጠይቁና ለእናቱ ንገሯት።